ዋናዋና ተጠባባቂዋ

ሥልጠናውን የሰጠን ሰውዬ ሁለት ሰዓት ያስራል፤ አንዱን በግራ እጁ፣ አንዱን በቀኝ። ሱሪውን በቀበቶም በትከሻ ማንገቻም ነው የሚይዘው። መነጽሩ ሁለት፣ ስልኩ ሁለት፣ ቦርሳው ሁለት። በመጀመሪያው ቀን የሻይ ሰዓት ሳይደርስ «መንታ» አልነው። ሰምቶናል፤ ግን አልተቀየመም። እንዲያውም ለመጠባበቂያ የሚሆን ሌላ ቅጽል ስም ብናወጣለት ደስ እንደሚለው ነገረን።

እኔ በነዋሪዎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነኝ። የከተማው ሰው መወለዱም ማግባቱም መሞቱም በእጄ ነው የሚያልፈው። ሰርቨሩ ከታመመ ልጅ አይወለድም፣ ሙሽሮች አይጋቡም፣ ሟችም እስኪስተካከል ድረስ በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ስልኬ ዕረፍት የለውም፣ እኔም የለኝም። ባጉረመርምም ለይምሰል ነው። ሰው ሁሉ ሲጨንቀው እኔን ሲጠራ ደስ ይለኛል፤ ቦታዬን የነካብኝ ዓይኔን እንደነካኝ ነው የምቆጥረው።

የሥልጠናው ርዕስ ግድግዳ የሚሞላ ነበር። ባጭሩ ሲነገር ግን «ሥራ እንዳይቋረጥ፣ አደጋ ቢመጣም ዳታ እንዳይጠፋ» ነው። መንታ ሰሌዳው ላይ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ ያንኑ ደገመው። ከዚያ አስረዳን፦ ዋናው ሰርቨር ይሠራል፤ ተጠባባቂው ደግሞ ዋናው ያደረገውን ሁሉ እየተከተለ ይቀዳል። ዋናው የወደቀ ዕለት ተጠባባቂው ብድግ ብሎ ቦታውን ይይዛል፣ ባለጉዳዩም ምንም ሳያውቅ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል። ደህና ነገር ነው። ተጠባባቂ ሰርቨር ይገዛልኝ ብዬ ስወተውት የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ለሥልጠናው ሲባል በመጨረሻ ተገዛልኝ።

ጣጣው የመጣው ሥራ አስኪያጃችን ከኋላ ተቀምጦ ስለሰማ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ማጥፋቱንም ቢሆን በጸሐፊው እርዳታ። እጁን አወጣና ሰርቨሩ ተጠባባቂ ካለው አስተዳዳሪዋስ ብትወድቅ ብሎ ጠየቀ። መንታ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሁለቱንም መነጽሮቹን አወለቀ። ትልቅ ጥያቄ ነው አለ፤ ቀጥሎም ትልቅ ጥያቄ ነው አለ።

በማግሥቱ ተጠባባቂ ተመደበችልኝ። ከመረጃ መስኮት የመጣች፣ በዕድሜ እኔን የምታክል፣ ሰው ሲያወራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምትሰማ ሴት ናት። እኔ ሥራውን ላስተምራት ተዘጋጅቼ ነበር። መንታ ግን ተጠባባቂ አይማርም፣ ይቀዳል አለን። ቅጂው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ውሎ አድሮ የሚደርስ፣ አንዱ እዚያው በዚያው። ሥራ አስኪያጁ እዚያው በዚያው የሚባለውን መረጠ። በዚህኛው ደንብ ተጠባባቂው «ደርሶኛል» እስኪል ድረስ ዋናው ያደረገው ነገር እንደተደረገ አይቆጠርም።

ኑሮዬ ተበላሸ። ጠዋት ዘበኛውን «እንደምን አደሩ» እላቸዋለሁ። ተጠባባቂዬ ከጎኔ «ደርሶኛል» ትላለች። ዘበኛው ይሄኔ ነው «እግዜር ይመስገን» የሚሉት፤ ቀድመው እንዳይመልሱ በደብዳቤ ተነግሯቸዋል። ሳስነጥስ እንኳ «ይማርሽ» የሚለኝ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ የሥራ አስኪያጁን በር በእግሬ መታሁት። ተጠባባቂዬ ደርሶኛል አለችና እሷም መታችው።

ይህ ሲገርመን የአደጋው ትምህርት ደረሰ። መንታ ጣራው ቢደረመስ ሁለታችሁም አንድ ላይ ታልቃላችሁ አለ። ተጠባባቂ ከዋናው ርቆ፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ መብራትና ስልክ የማይቋረጥበትና ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ኮሚቴ ተቋቁሞ ቦታ ፈለገ፣ ፈለገና የእኔን ቤት አገኘ። ከቢሮው ሩቅ ነው፣ ስልክ አለው፣ እናቴም ከቤት አትወጣም። ባልስማማ ምን ሊመጣ? ጠዋት እኔ ስወጣ ተጠባባቂዬ ትገባለች። ባንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ እኔን ትቀዳለች፤ ሌላው ጆሮዋ ለእናቴ ተረፈ።

እናቴ ጆሮ ስታገኝ አትምርም። ማታ ስመለስ ሁለቱ በአንድ ሶፋ ተቀምጠው ሲስቁ እደርሳለሁ። ምን ያስቃችኋል ስላቸው ከመጀመሪያው ካልሰማሽው አይገባሽም ይሉኛል። እናቴን ወገቧን የሚያማት በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ ከጎረቤቷ ጋር ለምን እንደተኳረፈች፣ አባቴን ስታገባ መጀመሪያ እንቢ ብላ እንደነበር ሁሉ ያቺ ሴት ታውቃለች። እኔ አላውቅም። ቀናሁ። ምን አስደበቀኝ፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ።

መንታ ያልተፈተነ ተጠባባቂ እንደሌለ ይቆጠራል ብሎ የፈተና ቀን ቆረጠ። በዚያ ቀን እኔ «ወደቅሁ»። ስልኬን ነጠቁኝና ያረጁ ወንበሮች የሚከማቹበት ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ተጠባባቂዬ ከቤቴ ተጠርታ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር እንዲበላሽ ስጸልይ ነው የዋልኩት። ጸሎቴ አልተሰማም። ልጆች ተወለዱ፣ ሙሽሮች ተጋቡ፣ የሞተም ሳይጉላላ ሞተ። አንድም ባለጉዳይ «ያቺኛዋስ?» አላለም። ከግድግዳው ወዲያ ጭብጨባ ሰማሁ።

አመሻሽ ላይ ስወጣ የይለፍ ቃሌ አልሠራም። ዘበኛውም ማንን ፈልገሽ ነው አሉኝ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ መንታ ዘንድ ሄድኩ። እሱ እቴ፣ ምንም አልደነቀውም። የወደቀ ዋና አይታመንም፣ እንዳይረብሽ ታግዶ ይቆያል አለኝ። ታዲያ ወደ ቦታዬ የምመለሰው መቼ ነው አልኩት። መመለስ ከመውደቅ ይልቅ አደገኛ ስለሆነ የሚሰጠው በሁለተኛው ዙር ሥልጠና ነው አለ። ሁለተኛው ዙር መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እስካሁን ያዘዘው የለም አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ! በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። እንድወድቅ ዕቅድ ወጣልኝ፣ ኮሚቴ ተቋቋመልኝ፣ ተጨበጨበልኝ፤ እንዴት እንደምነሳ ግን ያሰበበት አልነበረም።

ሰሚ ሳጣ በማግሥቱ በማለዳ ገብቼ በጉልበቴ ወንበሬን ያዝኩ። የይለፍ ቃሌን ገና ያልረሳውን የድሮውን ሰርቨር አስነሳሁና ሥራ ጀመርኩ። ተጠባባቂዬም መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በአዲሱ ሰርቨር ሥራ ጀመረች። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ጨቅላ ሁለቴ ተወልዶ እናቲቱ የመንታ ልጆች ምስክር ወረቀት ይዛ ግራ ተጋብታ ሄደች። አንድ ሽማግሌ በእኔ በኩል ሞተው በእሷ በኩል አገቡ። መንታ ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» ሲሉ ዳታ ይጠፋል፤ ከዚህ የከፋ በሽታ የለም አለ። መድኃኒቱ ምስክር ነው። ምስክር ሥራ አይሠራም፣ ዳታም አይዝም። ከሁለቱም ጋር ግን በየቀኑ ይገናኛል፤ ድምፁን ለየትኛው ከሰጠ የዚያ ዋናነት ይጸናል።

ከሁለታችንም ጋር በየቀኑ የሚገናኝ ማን አለ? ተፈለገ፣ ተፈለገና እናቴ ተገኘች።

ደስታዬን አልደበቅሁም። የወለደ አንጀት ወዴት ይሄዳል ብዬ እየተንጎማለልኩ ነው ወደ ቤት የመራኋቸው። ሥራ አስኪያጁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ መንታ ሁለቱንም ቦርሳዎቹን አቅፎ ቆመ፣ እኔና ተጠባባቂዬ እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆምን። እናቴ ወንበሯ ላይ ትራሷን አስተካክላ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስነገረች። አልገባኝም ብላ ደግማም አስነገረች።

«ዋናዋ የሆነችዋ ሥራዋ ምንድን ነው?» አለች።

መንታ ዋናዋ ቢሮ ትውላለች፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር ማታም ሆነ ቀን ብድግ ብላ ትሄዳለች አላት።

«ተጠባባቂዋስ?»

«ተጠባባቂዋ እዚሁ ነች፣ እማማ።»

«እዚሁ የት?»

«እርስዎ ጋ። እዚህ ቤት።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

እናቴ ጊዜ አልፈጀችም። ጣቷን ወደ ያቺ ሴት ዘርግታ «ዋናዋ እሷ ትሁን» አለች።

መንታ በሁለት እስክሪብቶ ጻፈው። እናቶች ሲያረጁ አእምሯቸው ይስታል፣ ድምፁ ይደገም ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ያን ሁሉ ዓመት የደከምኩበት ቦታዬ በገዛ እናቴ ጣት ሄደ። ተጠባባቂዬም፣ ዋናዋ ልበላት እንግዲህ፣ ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ቦርሳዋን አንስታ እናቴን ጎንበስ ብላ ስማት ወጣች። ወንዶቹም ተከተሏት።

ቤቱ ጭር ሲል እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ያስነፋርቅሻል? ልጄን ቤት አስቀሩልኝ ነው ያልኩት።»

አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችልኝና ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ ፀጉሬን ከግንባሬ ላይ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«እንዲህ የሸበትሽው መቼ ነው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር።