በየክፍሉ የቆመችው አክስቴ

ባለቤቴ ሊፈርሱ የተቃረቡ አሮጌ ቤቶችን መዝግቦ የሚያስቀር ሰው ነው። ባለሦስት እግር ስካነሩን በየክፍሉ ያቆማል፤ ማሽኑ ቀስ ብሎ እየዞረ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ይለቅማል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ከገጣጠመው በኋላ፣ ሰው የቪአር መነጽር አድርጎ በሌለ ቤት ውስጥ ይዘዋወራል። የጠፋ ቤት የሚያገኝ ሰው የገዛ ካልሲውን ግን ከአልጋ ሥር ማግኘት አይችልም።

ዘንድሮ ተራው የአክስቴ ቤት ሆነ። እኔን ያሳደገችኝ እዚያ ነው። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ የእንጨት በረንዳ አለው፤ የደረጃው መደገፊያ በእጅ የተፈለፈለ ነው። መንገድ ሊያልፍበት ነውና ይፈርሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥ አክስቴ ግን "እሰይ፣ ከዚያ ደረጃ ተገላገልኩ!" እያለች ትስቃለች። ከልቧ ከሆነ እሰየው። ለእኛ ብላ ከሆነ ግን ሐዘኑን ብቻዋን ይዛው እንድትወጣ አልፈለግኩም። ስጠይቃት ደግሞ ቀልድ ትመልስልኛለች።

"ጣውላ እኮ ነው፤ ለጣውላ ደግሞ ማን ያለቅሳል?" አለችኝ።

ስካነሩ የመጣ ቀን ባለቤቴ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ይሄ ሲዞር ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖር የለበትም" አላት።

"እኔ በቤቴ እንግዳ ብቻውን ትቼ አላውቅም።"

"እንግዳ አይደለም እኮ፣ ማሽን ነው።"

"ማሽን ከሆነማ እኔን ምን ያሳፍረዋል?"

ከዚያ በኋላ እግር በእግር ተከተለችው። ማዕድ ቤት ሲያቆመው ማዕድ ቤት ናት፣ ሳሎን ሲያቆመው ሳሎን። "ያንን ጥግ ዘለልከው" ትለዋለች፤ "መጋረጃው ሳይነሳ ምኑን ሊያይ ነው?" ትለዋለች። ባለቤቴ ደም ሥሩ ተገታትሮ "ችግር የለም እትዬ" ይላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄን እውጣለሁ። ለእኔ እንደዚያ ታግሶ አያውቅም።

በሳምንቱ ገጣጥሞ ሲጨርስ ጠራኝ። "ነይ፣ የአክስትሽን ጉድ እዪ።"

መነጽሩን አደረግኩ። አክስቴ በየክፍሉ አለች! ስካነር የሚንቀሳቀስ ሰው መቅረጽ አይሆንለትም፤ እሷ ደግሞ መቼ አርፋ ቆማ ታውቃለች። የማዕድ ቤቷ አክስቴ ሦስት እጅ አውጥታለች፤ የሳሎኗ ፊቷ ተጎትቶ እስከ መጋረጃው ደርሷል፤ ደረጃው ላይ ያለችው ጭራሽ ወገብ የላትም።

"ሁሉንም አጠፋቸዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለው ባዶ ቤት ነው" አለኝ።

እየሳቅኩ ወደ ላይኛው መኝታ ክፍል ገባሁ። ያን ዕለት ባለቤቴ ማሽኑን እዚያ ካስነሳ በኋላ ባትሪ ሊያመጣ ወርዶ ነበር፤ አክስቴ ብቻዋን ቀርታለች። እዚህ ምስሏ ጥርት ብሏል። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ለጥፋበታለች። ማሽኑ ዞሮ እስኪጨርስ ድረስ ንቅንቅ አላለችም ማለት ነው። መነጽሩን አውልቄ እንኳ ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"ይህቺን እንዳትነካት" አልኩት።

በማግሥቱ አክስቴ ራሷ ቤቷን ልትጎበኝ መጣች። መነጽሩን አድርጋ በራሷ እየሳቀች፣ "ይህቺ ሦስት እጅ ያላት ዕቃ ማጠቡን ትችልበታለች" አለች። ባለቤቴን ላስቆመው ስል ቀደመኝና በኮምፒውተሩ ወደ ላይኛው መኝታ ክፍል አወጣት።

ክንዷን እንደያዝኩ ወደ እኔ ዞረች።

"አይተሻል?" አለችኝ።

"አይቻለሁ።"

"እወደዋለሁ ይህን ቤት። በጣም ነው የምወደው። ምን ላድርግ፣ እኔ ካለቀስኩ እናንተ ልትብሱ ነው።" እንባዋ ከመነጽሩ ሥር ወረደ። ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ ፊቴን ስታ ጆሮዬን ያዘችው፤ እሱኑ ይዛ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ባለቤቴ የሚገባበት ጠፋው። "እትዬ፣ ካስከፋዎት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ለነገሩ ደንቡም..."

"ሌሎቹን አጥፋቸው" አለች። "እነሱ አንተንና ማሽንህን ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ይህቺን ተዋት፤ ቤቷ ናት።"