ሽብልቅ

እትዬ ዙሀራ የበሶውን ፌስታል ልብሱ መሃል ሊሸጉጡ እጃቸውን ወደ ሻንጣው ታች ሲሰዱ ጠንካራ ነገር ነካቸው። የጫማ ተረከዝ መሰላቸው። ሲያወጡት እንጨት ነው፤ በአንድ በኩል ወፈር ብሎ በሌላው በኩል እንደ ምላስ የሳሳ፣ ገና አዲስ የተላገ፣ ሽታው ያልለቀቀው።

"ሀይፋ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ሀይፋ መስታወቱ ፊት ቆማ ሂጃቧን በስፒል እያያያዘች ነበር። ዞር ብላ አየችና እጇ ስፒሉ ላይ ቀረ።

"ሽብልቅ ነዋ እማ። መልሺው።"

"ምን ልትፈልጪበት ነው? አርባ ምንጭ እንጨት ቆራጭ ጠፋ?"

"መሸሻን ጠይቄው ነው የሠራልኝ። መልሺው አልኩሽ፣ መኪናው ሊደርስ ነው።"

መሸሻ ከአጥሩ ማዶ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ለሥራ የምትሄድ ልጅ ከአናጢ ምን እንዳገናኛት እትዬ ዙሀራ አልገባቸውም። ግን እንጨቱን አልመለሱም።

ከሀዋሳው ጉዞ ወዲህ ልጅቷ ልክ አልነበረችም። ያን ጊዜ ሴራሚክና የባኞ ቤት ዕቃ የሚያስመጣው መሥሪያ ቤቷ፣ ክፍለ ሀገር ያሉ ወኪሎች ምን እንደሸጡ እንድታይ ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ልኳት ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ጉብኝት ተባለ፤ ጀልባ ተባለ፤ ዓሣ ተባለ። ሐይቅ ዳር ተቀምጣ፣ ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ የተጠበሰ ዓሣ ፊቷ ተደርጎ፣ እየሳቀች የተነሳችው ፎቶ በስልክ መጣላቸው። እናቷ፣ የእትዬ ዙሀራ ልጅ፣ ስትሞት ገና የምትድህ ነበረች፤ በእጃቸው ያደገችው ሀይፋ እንደ ሰው አገር ስታይ! እትዬ ዙሀራ ፎቶውን ያላሳዩት ሰው አልነበረም። ለባለሱቁ አሳዩ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር አሳዩ።

ከዚያ መጥታ መብላት ተወች። የዓሣ ሽታ ሲመጣ ተነስታ ትወጣለች። የመኝታዋን በር በወንበር አስደግፋ ትተኛለች። ለእትዬ ዙሀራ የመጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይን። ፎቶውን ለሰው ሁሉ በማሳየታቸው የሰው ዓይን በላት። ቁርአን አስቀሩባት፣ ጥቁር አዝሙድ በማር አስላሷት። አሁን አርባ ምንጭ ስትባል ደግሞ ተጠነቀቁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ለጎረቤት "ወራቤ ለቅሶ ልትደርስ ነው" ብለው ዋሹ።

"በሩን ከውስጥ ማስያዣ ነው" አለች ሀይፋ ድንገት፣ መስታወቱን እያየች። "ከሥር ትከቺዋለሽ፤ ከውጭ ሲገፋ ይጠብቃል።"

"ሆቴሉ ቁልፍ የለውም?"

"አለው። ሁለት አለው። አንዱ እኔ ጋ ነው የሚሆነው።"

"ሌላውስ?"

ሀይፋ ስፒሉን ወጋችው፣ ነቀለችው፣ እንደገና ወጋችው።

"ሀይፋ፣ ሌላውስ?"

"ሀዋሳ ላይ ኃላፊው 'የነገውን ፕሮግራም ልንገርሽ' ብሎ ገባ። አላንኳኳም። ትርፉን ቁልፍ ከእንግዳ መቀበያው ወስዶት ኖሯል። ሻወር ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። እስኪነጋ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በቃ። ምንም አልሆንኩም እማ፤ እንደዚህ አትዪኝ።"

"ፎቶውስ? ፎቶው ላይ ትስቂ ነበርኮ።"

"ፎቶው በማግሥቱ ነው። 'ሳቂ እንጂ' አለኝ። እሱ ነው ያነሳኝ።"

እትዬ ዙሀራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ያንን ሳቅ ስንት ሰው ፊት ዘርግተውት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

"ቅሪ። አትሄጂም። ያዝነውን እንበላለን።"

"ምን ይዘናል እማ? ቋሚ የሚያደርገኝ ደብዳቤ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። 'ከመስክ ስንመለስ' ነው ያለው። ብቀር ሰኞ ሥራ የለኝም። ያንቺን ኪኒን ማን ሊገዛው ነው? እንጨቷን ስጪኝ። በሷ ተማምኜ ነው የምሄደው።"

ውጭ ክላክስ ተነፋ።

ነጩ ፒክአፕ የግቢውን በር ሞልቶ ቆሟል። የኋላ መስታወቱ ጥቁር ነው። የሽያጭ ኃላፊው አቶ ሰይፈዲን ወርዶ ሻንጣውን ከሀይፋ እጅ ተቀበለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። እትዬ ዙሀራ ስልክ ላይ እንደሰሙት ነው፤ ያን ጊዜ "ጨዋ ነው" ብለው ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም እናቴ! ልጅዎን ልወስድብዎ ነው።"

"ወአለይኩሙ ሰላም።"

"ምንም አይስጉ፣ እንደ እህቴ ነው የማያት። ደግሞ ሥራ ብቻ አይደለም። አዞ እናሳያታለን፣ ዶርዜ ወጥተን ቆጮ በማር እናበላታለን።"

"ቆጮማ እኔ ቤት አለላት።"

ከት ብሎ ሳቀ። ሻንጣውን ኋላ ሊጭን ዞር ሲል እትዬ ዙሀራ መኪናውን ዞሩና የጋቢናውን በር ከፈቱ። ጉልበታቸው እሺ አላለም፤ በሩን ተንጠላጥለው፣ "ቢስሚላሂ" እያሉ፣ ወጥተው ተቀመጡ። እንጨቷ ነጠላቸው ሥር ናት።

"እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ጉብኝት አለ አላልከኝም? አዞ አይቼ አላውቅም።"

"የመሥሪያ ቤት ጉዞ እኮ ነው።"

"ሥራውን እናንተ ሥሩ። እኔ ለጉብኝቱ ነው።"

"አልጋ የተያዘው በሰው ልክ ነዋ እናቴ።"

"ከልጄ ጋር እተኛለሁ። ቁልፏንም እይዝላታለሁ። ሁለቱንም።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሀይፋን አየ፤ ሀይፋ መሬት አየች። ጠጋ አላትና እትዬ ዙሀራ እንዳይሰሙ ድምፁን ቀነሰ። እሳቸው ግን ሰሙት።

"ቤት ለቤት ስታወሪ ነበር ማለት ነው። በጣም ጥሩ። ሻንጣሽን አውርጂ፣ ቅሪ። ሰኞ ለቢሮው መልስ ትሰጫለሽ። አሮጊቷን አውርጂልኝ፤ መንገድ ረፍዶብኛል።"

ሀይፋ ሻንጣዋን አወረደች። የትከሻዋ ጅማት ሲላላ እትዬ ዙሀራ ከላይ ሆነው አዩት። ፊቷም ተፈታ፤ ስንት ወር ያላዩት ፊት ነው።

"እማ፣ ውረጂ። ቀርቻለሁ። በቃ፣ ውረጂ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ለሰኞ አላህ ያውቃል። አንድ እግራቸውን ወደ መርገጫው ዘረጉ።

ከኋላቸው ፌስታል ተንኮሻኮሸ።

"እትዬ፣ ማስቲካ ይፈልጋሉ?"

ደንግጠው ዞሩ። በጥቁሩ መስታወት ምክንያት ከውጭ አላዩዋትም፤ ከገቡም ወዲህ ወደ ኋላ አልዞሩም ነበር። የፀሐይ መነጽር አናቷ ላይ የሰካች፣ ጉልበቷ ላይ የብስኩት ፌስታል ያስቀመጠች ለጋ ልጅ ናት።

"አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"ናዝራዊት እባላለሁ። አዲስ ነኝ፣ ሙከራ ላይ ነኝ። የመጀመሪያ መስኬ ነው" አለች፤ ደስታዋ ከአፏ ይቀድማል። "እናቴ የአዞ ቪዲዮ ላኪልኝ ብላኛለች። ጎረቤት ሁሉ ቡና ላይ እየጠበቀኝ ነው።"

"ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?"

"ከሀይፋ ጋር ነበር፤ ትናንት ማታ ነው የተጨመርኩት። አሁን እንግዲህ... ከጋሽ ሰይፉ ጋር።"

የእትዬ ዙሀራ እግር አየር ላይ ቀረ። የሰው ልጅ ናት። የራሷ እናት አላት፤ እናቷ ትጠብቃት። እሳቸው ግፊት አለባቸው፣ ጉልበት የላቸውም፣ ከቡታጅራ ወዲያ ካለፉ ዘመን ሆኗቸዋል። የመጡበትን አግኝተዋል፤ የሳቸው ልጅ በር ላይ ቆማለች። ውረጂ ይላቸዋል ሆዳቸው። ግን እናትየዋ ታየቻቸው፤ የማያውቋት ሴት፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለለቀስተኛ ሳይቀር ስታሳይ።

እግራቸውን መለሱ።

"ሀይፋ፣ የግፊት ኪኒኔን አምጪልኝ። ጋቢዬንም።"

"እማ! ምን ሆነሻል? ቀርቻለሁ እኮ!"

"አንቺ ቅሪ። እኔ እሄዳለሁ።"

"ይሄማ ዕብደት ነው!" አለ ሰይፈዲን። በሩን ያዘ፤ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

እትዬ ዙሀራ በክፍቱ በር አንገታቸውን አወጡና፣ ስንት ቀን ትንፍሽ ያላሉትን፣ በሠፈሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጮኹት።

"መሸሻ! አንተ መሸሻ! አርባ ምንጭ ልሄድ ነው!"

የመሸሻ መላጊያ ጸጥ አለ። ሰውየው ጸጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደተሸከመ ብቅ አለ። ባለሱቁም መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

"ወራቤ ለቅሶ አላሉም እንዴ እትዬ?" አለ ባለሱቁ።

"ዋሽቼ ነው! ጉብኝት ነው! የሀይፋ አለቃ ዓሣ ሊያበላን ነው፣ እኔንና ይቺን ልጅ። ሰይፈዲን ይባላል። እየው፣ እወቀው!"

"አውቄዋለሁ" አለ መሸሻ። ከበሩ አልተነቃነቀም። የሰይፈዲንን ፊት አየ፤ ቀጥሎ ሀይፋን አየ። ሽብልቋን ሲልግላት ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም ነበር።

የሰይፈዲን እጅ ከበሩ ላይ ወረደ። ሰው ፊት አሮጊት እየጎተተ አያወርድም።

ሀይፋ ኪኒኑንና ጋቢውን ይዛ መጣች። በበሩ ስታቀብል ጣቶቿ የእናቷን እናት እጅ አልለቅ አሉ።

"ትደውያለሽ?"

"በየከተማው እደውላለሁ። አንቺም ለዚህች እናት ደውዪ፤ ስልኳን ልጅቷ ትሰጥሻለች። ከማን ጋር እንዳለች ንገሪያት። የነገርሽኝን ንገሪያት።"

ናዝራዊት ማስቲካ ማኘኳን አቁማለች። መነጽሯን ከአናቷ አወረደችና ያዘችው።

"እትዬ... ምንድን ነው የሚነገራት?"

እትዬ ዙሀራ ቀበቶውን ከጎናቸው ስበው መክተቻውን ሲፈልጉ ነጠላቸው ተንሸራተተና እንጨቷ ጭናቸው ላይ ወጣች።

"ይሄ እንዴት ነው የሚታሰረው፣ የኔ ልጅ?"

ልጅቷ ከኋላ ጎንበስ ብላ ቀጭ አደረገችላቸው። ዓይኗ እንጨቷ ላይ ቀረ።

"ይቺስ ምንድን ናት?"

"ስንደርስ አሳይሻለሁ" አሉ። ሰይፈዲን የመኪናውን ቁልፍ እንደጨበጠ ውጭ ቆሟል።