የግራው ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ ካወረደች ሰንብታለች። ባሏ በየቀኑ ሻንጣውን እየተራመደ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ያልፋል እንጂ፣ «የት ልትሄጂ ነው?» አላላትም። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ዕድሜውን በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ሆኖ የጨረሰ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ከኪሱ ስለማይለይ ሰፈሩ «ጋሽ ቴስተር» ብሎ የሰየመው ሰው ነው። ከሦስተኛ ቤት የሚንጫረር ሬዲዮ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ አጠገቡ ያለች ሚስቱ ስትናገር ግን ዝም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ወልዳ፣ «እማዬ፣ ነይና አብረሽኝ ኑሪ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም» ብላ ለመነቻት። ልብስ ሰፊዋ አወጣች፣ አወረደች። ከዚያ አንድ ቀን ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ከስፌቱ ቀና ሳትል፣ «ልጄ ጋ ሄጄ ልኑር እያልኩ ነው። አንተ ምን ትላለህ?» አለችው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የእሱ ጠረጴዛ ደግሞ ከጎኗ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ። አንዲት ቃል! «ሂጂ» ቢላት እንኳ ይሻላት ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ የጠየቀችው «አትሂጂ» እንዲላት ነው። ሆድ ባሳት። በማግስቱ ሻንጣውን አወረደች።

የሚፈታታው በተጋቡበት ዓመት የገዙትን፣ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ስፒከሮች የሚያሠራውን አምፕሊፋየር ነው። «የግራው ድምፅ ታፍኗል» ይላል። «ቀኙ ጥርት ያለ ነው፤ ግራው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል፤ ሁሉንም ነቅዬ በአዲስ እለውጣለሁ።» ካፓሲተር የሚላቸው እንደ ትናንሽ ጣሳ ተደርድረው የቆሙትን ዕቃዎች ነው፤ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ ሲያረጁ ደግሞ ውስጣቸው ይደርቃል።

የድሮ የሥራ ባልደረባው መጥቶ ክዳኑ የተከፈተውን አምፕሊፋየር ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«እነዚህ ሁለቱ ትላልቆቹ አብጠዋል፤ ለውጣቸው። ሌሎቹን ለክተሃቸዋል?»

«ለክቻለሁ። ደህና ናቸው ይላል።»

«ታዲያ ምን በደሉህ?»

«አርጅተዋላ! በዚህ ዕድሜያቸው ምን እምነት ይጣልባቸዋል?»

«እኔና አንተስ? እንለወጥ?» ጓደኛው ከልቡ ሳቀና ወዲያው ኮስተር አለ። «ስማ፣ የተበየዱበት ሰሌዳም አብሮ አርጅቷል። የብየዳ ካውያ በነካው ቁጥር የመዳቡ መስመር እየተላጠ ይነሳል። አድናለሁ ብለህ ትገድለዋለህ።»

ጋሽ ቴስተር ግን ድርቅ ያለ ነው። ሁለቱን ያበጡትን ለወጠ፤ ከሥር ሲያጉረመርም የኖረው ድምፅ ጸጥ አለ። እሰይ ነው። የግራው መታፈን ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ዛሬ ካውያውን አጋለና ግራውን በሙሉ ሊነቅል ተነሳ።

ልብስ ሰፊዋ የታጠፈ ጨርቅ ታቅፋ በበሩ ስትገባ፣ በሩ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ነው፣ የካውያውን ጭስ አየች። ያቺ አምፕሊፋየር እኮ ሙሽራ እያሉ በዕቃ የተጨናነቀች አንዲት ክፍላቸው ውስጥ ያስጨፈረቻቸው ናት! ተናድዳበትም ቢሆን ጨከን ብላ ማለፍ አቃታት።

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ሽቦዎቹን አቀያይር እንጂ!»

«ምን?» ብሎ ወዲያው ዞረ።

መልስ ማግኘቷ ራሱ ገረማት። «ለሰው ሁሉ ስትሰብክ የኖርከው እሱን አይደል? ሳትከፍቱ አቀያይሩ፤ ብልሽቱ አብሮ ከዞረ ማሽኑ ነው፣ ካልዞረ ማሽኑን አትንኩት ስትል አልነበር?»

ጋሽ ቴስተር አፈረ። ላፉ ያህል «እሱማ ግልጽ ነው» አለና ካውያውን አስቀመጠ። ወደ ግራው ስፒከር የሚሄደውን ሽቦ በቀኙ፣ የቀኙን በግራው ለወጠ። ዘፈኑን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የታፈነው አሁንም ግራው ነው። «እንግዲያው ስፒከሩ ነው!» አለ፣ ጥፋተኛ በማግኘቱ ደስ ብሎት። ስፒከሮቹን እያቃሰቱ ለሁለት ተሸክመው አቀያየሩ። አሁንም ግራው።

«መጋረጃው ድምፁን እየዋጠው ይሆናል» አለ።

«እስቲ ተነስ» ብላ በቦታው ተቀመጠች። ግራውም ቀኙም እኩል፣ ልቅም ብሎ ይሰማታል። «እኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«የአንቺ ጆሮ በስፌት መኪና የደነቆረ ነው።»

መልሱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። አንድ ነገር ታይቷታል። ተነስታ ወንበሩን ጀርባውን ለስፒከሮቹ አድርጋ አዞረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ያልተቀያየረ አንተ ብቻ ቀርተሃል። ተቀመጥ።»

እየሳቀ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ጥርት ብሎ ሲሰማው የቆየው ስፒከር ብርድ ልብሱን ለብሷል፤ ያኛው ደግሞ ጠርቷል። ተነሳ፣ ፊቱን አዞረ፣ እንደገና ጀርባውን ሰጠ። የግራ ጆሮውን በመዳፉ ከደነ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው፤ ምን ይለካበታል?

«እኔ ነኝ ለካ» አለ፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ። «አይ አለማፈር! ሰው ላሰማ ስኖር የራሴ ጆሮ ጠፍቶ!»

አንጀቷን በላው። አይዞህ ልትለው ወደ ስፌት መኪናዋ፣ ወደ ቦታዋ፣ ሄደችና እዚያው ቀጥ አለች። መኪናዋ በግራው ነው። አልጋ ላይ የምትተኛው በግራው ነው። ገበታ ላይ በግራው ናት። ስንት ዓመት ነው ለዚያ ጆሮ ስታወራ የከረመችው? ስንት ጊዜ ናቀኝ ብላ ትራስ አርጥባለች?

ዞራ በቀኙ መጣችና ጎንበስ አለች። «ልጃችን ነይ ብላኛለች። እዚያው ሄጄ ልኑር እያልኩ ነው አልኩህ እኮ!»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ ብሎን ስትፈታ! ሻንጣውንስ አላየህም?»

«ቁርጥራጭ ጨርቅ የምታስቀምጪበት ሻንጣ! ስፌት የበዛብሽ መስሎኝ...» ድንገት ነገሩ ገባውና ፊቱ ደም መሰለ። ሻንጣውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ተነስቶ፣ ያን የሚያህል የብረት የስፌት መኪና እያስጮኸ ይጎትተው ጀመር። ወለሉ ተጫረ። በጠረጴዛው ዞሮ በቀኙ በኩል፣ በሩ አጠገብ አቆመው፤ ወንበሯንም አምጥቶ አስጠጋላት።

«ነገ ጆሮ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለ እያለከለከ። «መሣሪያም ካስፈለገ አደርጋለሁ፤ እኔ መሣሪያ ልፈራ? ከዚያ ልጅቷንም አብረን ሄደን እናያታለን፤ እስክትጠና እናግዛታለን። ካፓሲተሮቹ እንዳሉ ይቆዩ። የሚሠራውን ምን አስነካኝ!» ካውያውን ነቀለ። ክዳኑን እየገጠመ፣ ሳያያት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትሂጂ» አለ።

ቁልጭ ብሎ ተሰምቷታል። ግን ያን ሁሉ ቀን በነፃ አልተቃጠለችም።

«ምን አልክ? አልሰማሁህም።»

«አትሂጂ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሰማው።