የገበሩ ስፌት

ሚስቱ ኮቱን ከመስቀያው ጥግ፣ ከሌሎች ልብሶች ኋላ አውጥታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ልብስ ሰፊው ገና ሳይነካው አወቀው። ቡናማ ባለ መስመር፣ ለማዶው ፀጉር አስተካካይ በገዛ እጁ የሰፋው ነው።

«ገበሩ ተቀዶ አመጣው» አለች። «የሰዓት መደብሩ ከመዘረፉ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ያን ምሽት ከመደብሩ ሮጦ የወጣውን ሰው ያየው ከጀርባው ብቻ ነበር። ለፖሊስ ግን «ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቁርጥ እሱ ነው» ብሎ ፈርሟል። ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ቃል ብቻ ታስሮ ከርሟል፤ ዛሬ ደግሞ ያንኑ ቃል ዳኛ ፊት ሊደግመው ነው። ያንን ጨርቅ የከተማው ግማሽ ለብሶታል። ያኔ ግን ለእሱ የታየው የሚስቱ ሳቅ ነበር። ሰውየው ከመንገድ ማዶ አንድ ቀልድ ጣል ባደረገ ቁጥር እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። ለመሆኑ የሰው ሚስት ማሳቅ ከፀጉር ቆረጣ ጋር ምን ያገናኘዋል?

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ነገሩ በኮቱ መሆኑን መቼ ነገርከኝ? ትናንት ከእናቱ ሰማሁ።» «ሲያመጣው አንተ አልነበርክም። ብነግርህ አገር ይያዝልኝ ትላለህ ብዬ ራሴ ሰፋሁት።»

እሱ በሌለበት መጥቷል። ኮቱን ገለበጠው። የገበሩ ስፌት ደቃቅ፣ እኩል፣ ጊዜ የተሰጠው ነው። የራሱን ሸሚዝ ብብት የጣፈችለት ግን እንደ ነገሩ፣ በትልልቅ ስፌት ነበር። ሰውየውን ነፃ የሚያወጣው ኮት ከሰውየው ይበልጥ አስጠላው።

«ይዘኸው ሂድ» አለች። «እኔ ብናገር ውሽማው ናት ይሉኛል። ካንተ አፍ ሲወጣ ነው የሚታመነው።»

«ለሱ ብለሽ ነው?»

«ላንተም ብዬ።»

ችሎቱ ፊት ኮቱን የከተተበትን ከረጢት በእጁ ይዞ ቆመ። ተከሳሹ ከስቷል፤ ፀጉሩንም አንድ የማይችል ሰው አበላሽቶ ቆርጦታል። ልብስ ሰፊው አሳዘነው፤ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ተከሳሹ ቀና ብሎ ወደ መጨረሻው ወንበር ተመለከተ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። እዚያ የተከሳሹ እናትና የልብስ ሰፊው ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ማንን እንደሚያይ በምን ይታወቃል?

«ሮጦ የወጣው ሰው ይህ ነው?» ሲሉ ዳኛዋ ጠየቁ።

ከረጢቱን ደረቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

«የያዙት ምንድን ነው?»

«የደንበኛ ልብስ ነው» አለ። «ጥገናው አልቋል።»

ዳኛዋ እስቲ ልየው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከረጢቱን አቀረበላቸው፤ ጣቶቹ ግን አልለቀቁትም።