የኦርቪል ፍግ

በቨርሞንት ገጠር የማርጊት ባልዲ ከአበባ ባዶ የሚሆንበት ወር አልነበረም። በበረዶው ጊዜ ላስቲክ ቤቷ ውስጥ ቱሊፕ፣ ሙቀቱ ሲመጣ የሱፍ አበባ፣ ቅጠል ሲረግፍ ዳሊያ ትቆርጣለች።

ጎረቤቷ ኦርቪል ከፈረሶቹ ጋጣ የሚያመጣላትን ፍግ ሁልጊዜ መጀመሪያ በኩባያ አድርጋ፣ ባቄላ ዘርታበት ታያለች። ፈረስ የበላው ድርቆሽ አረም ማጥፊያ ከተረጨበት መርዙ ከፍጉ ጋር ይወጣል፤ አፈር ውስጥም ዓመታት ይከርማል። ዘንድሮ ግን ቸኮለች። ምናለበት ሦስት ሳምንት ብትታገሥ! ላስቲክ ቤቱን ጨምሮ መደቡን ሁሉ ፍጉን አለበሰችው።

ባቄላውን የዘራችው ዳሊያዎቹ መጠውለግ ሲጀምሩ ነው። ዛሬ ጠዋት ኩባያውን አነሣች። የባቄላው ቅጠል እንደ ተጨበጠ እጅ ተኮማትሯል። ማርጊት ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው።

ውጭ የኦርቪል ትራክተር መጥቶ ቆመ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም አልነቃሽም?" ሲል ጮኸ። "ሌላ ጭነት አምጥቼልሻለሁ! ይሄን ሁሉ በነፃ እያጋዝኩልሽ አንድ እቅፍ አበባ እንኳ ሰጥተሽኝ አታውቂም፣ ቆንቋና!"

ማርጊት ኩባያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

"የትኛው መደብ ላይ ልገልብጠው?" አላት።

"ደስ ያለህ ላይ፣ ኦርቪል" አለችው። "አሁን ሁሉም አንድ ነው።"