የሰላሙ ጉበት

የወንድሜን ሚስት የመታኋት ኅዳር ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። አልሰከርኩም ነበር። የታመመው ወንድሜ ነው እንጂ እኔ ጤነኛ ነበርኩ።

ወንድሜ ሰላሙ ሲግናል አካባቢ አጣና ይሸጣል። እኔም አብሬው ነው የምሠራው። ከእንጦጦ የሚወርደውን ባሕር ዛፍ ልጠን፣ ቆርጠን፣ ለግንበኛ እናስረክባለን። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔን የመሰሉ ሦስት ሰዎች የሚሸከሙትን ብቻውን ይሸከም ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ደም ተፋ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመረመር ቲቢ ነው ተባለ። የስድስት ወር መድኃኒት ጀመረ።

ነርሷ ሲስተር ኩልሱም መጀመሪያ ቀን አስጠንቅቃዋለች። "ሽንትህ ይቀላል፤ የመድኃኒቱ ቀለም ስለሆነ አትደንግጥ። ካስመለሰህና ዓይንህ ቢጫ ከሆነ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ና።" ሚስቱ አሳየች ይህን በቃሏ ይዛዋለች። በየጠዋቱ እንክብሎቹን ከውሃ ጋር የምትሰጠውም እሷ ነበረች።

በስድስተኛው ሳምንት ምግብ ጠላ። ሽታው ብቻ ያስመልሰው ጀመር። ሽንቱ ጠቆረ። "ቀለሙ ነው ተብሏል" እያለ ዝም አሰኘን። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ።

"ተነስ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አለችው አሳየች።

"መድኃኒቱን ካስቆሙኝ እሞታለሁ" ብሎ እምቢ አለ።

እኔም ደገፍኩት። "የወፍ በሽታ ነው። ይሄን ሐኪም አያውቀውም" ብዬ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጣሁና ከአንድ ሥር ማሽ የተወቀጠ ሥር አመጣሁ። አሳየች ተው ብትለኝም አልሰማኋትም። ሁለት ቀን በመድኃኒቱ ላይ ደርቤ አጠጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ሰላሙ ሌላ ሰው ሆነ። ሲጠሩት ያፈጥጣል። ሸሚዙን ገልብጦ ይለብስና ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል። አንዴ አንገቴን ስቦ "ይቺ ሴት ምን እያበላችኝ ነው?" አለኝ። ሳቅኩበት። ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ጩኸት ሰምቼ፣ እዚያው ግቢ ካለው ክፍሌ ወደ እነሱ ቤት ሮጥኩ። ሰላሙ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል። እንክብሎቹ መሬት ላይ ተበትነዋል። አሳየች ግድግዳ ተደግፋ ግራ ክንዷን ይዛለች፤ ደሙ በጣቶቿ መሃል ይፈሳል።

"መርዝ ነው የምትሰጠኝ! ገደለችኝ!" ይላል ሰላሙ።

"ኤልቃና፣ መጥረቢያውን ቀማው!" አለችኝ።

አልቀማሁትም። "ወንድሜን ምን አብልተሽው ነው?" አልኩና አፏን በቡጢ መታኋት። ወደቀች። ወድቃም አልተውኳት፤ በእግሬ ጎኗን ረገጥኩት። ስታስል ከደሙ ጋር ጥርስ ወጣ።

በዚህ መሃል መጥረቢያው በጆሮዬ ሽው ብሎ አለፈና የበሩን መቃን ሰነጠቀው። ዞር ስል ሰላሙ ነቅሎ እንደገና ሊያነሳው ነው።

"ሰላሙ፣ እኔ ነኝ! ኤልቃና ነኝ!"

"ሌባ!" አለኝ።

ያሳደገኝ ሰው አላወቀኝም። ያን ጊዜ ነው አሳየች ምንም እንዳላደረገችው የገባኝ። ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩ። ተያይዘን ግቢው ውስጥ ወደቅን። እጄን ነከሰኝ፣ በክርኑ አፍንጫዬን ሰበረው። ጭንቅላቱን ከግቢው ድንጋይ ጋር አጋጨሁት፤ እንዲለቀኝ ሌላ መላ አልነበረኝም። ጎረቤቶች መጥተው አጣና በምናስርበት ገመድ አሰርነው። ሲታሰር መዳፎቹ ብቻቸውን ይርገበገቡ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለን ዶክተር ሕሩይ የሰላሙን ደም አስመርምሮ ተመለሰ። አሳየች እዚያው አጠገባችን ክንዷ እየተሰፋ ነበር።

"ከቲቢው መድኃኒት ሌላ የሰጣችሁት ነገር አለ?" አለ።

"እሱን ይጠይቁት" አለች፣ ባበጠ ከንፈሯ።

ነገርኩት። ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንክብሉ ሆድ ገብቶ እንዳለ አይቀመጥም" አለኝ። "ጉበት ይሰባብረዋል። ሲሰባብረው መሃል ላይ መርዛማ ነገር ይወጣል። የብዙ ሰው ጉበት ያን ቶሎ ያስወግደዋል፤ የአንዳንዱ ቀርፋፋ ነው። አፈጣጠር ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። መርዙ ሲከማች ጉበቱን ራሱን ያቃጥለዋል። ያንተ ሥር ደግሞ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ለቆሰለ ጉበት ግን ሌላ ሸክም ነው። ጉበት ደሙን ማጥራት ሲያቅተው ቆሻሻው አንጎል ላይ ይወጣል። ወንድምህ አላበደም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ዕለት አምጥታችሁት ቢሆን እዚህ አይደርስም ነበር።"

የዚያን ዕለት ልትወስደው የፈለገችው አሳየች ነበረች።

መድኃኒቶቹን ሁሉ አስቆሙት። አራት ቀን በሕይወትና በሞት መሃል ቆየ። በአምስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ "አሳየች የታለች?" አለ። ያደረገውን አያስታውስም። ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና አለቀሰ። ስለ እኔ ግን ወዲያው አልነገርኩትም። የነገርኩት በማግስቱ ነው። "ውጣ" አለኝ፤ ወጣሁ።

ጉበቱ ሲያገግም መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ፣ ደሙን እየመረመሩ መለሱለት። አንደኛውን ጨርሶ ተዉትና በሌላ ቀየሩት።

አሳየች ቀበና እህቷ ጋ ከርማ ነበር። ከቸርች ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አላነሳችኝም።

"ሰላሙ ሲመታኝ ራሱን አያውቅም ነበር" አለች። "አንተ ግን ስሜን ታውቃለህ። ተው ስልህ ሰምተኸኛል። መጥረቢያውን ቀማው ስልህም ሰምተኸኛል። ምን ብዬ ነው ይቅር የምልህ?"

ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ሲሉ በእጄ አስቆምኳቸው።

ወደ ሰላሙ ቤት የተመለሰችው ጥር ላይ ነው። እንክብል ግን ዳግመኛ በእጇ አልሰጠችውም። ሰላሙ በየጠዋቱ በእግሩ ጤና ጣቢያ ይወርዳል፤ ሲስተር ኩልሱም ፊት ይውጣል። እኔ የምኖረው ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ነው። አጣና ተራ ላይ ግን ዛሬም ከወንድሜ ጋር እንሠራለን፤ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እልጣለሁ፣ ብዙ አንነጋገርም።