የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች

ገላኔ የኬሚካሉ በርሜል ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ጥበቃው በሩ ላይ ደረሰ። ታምማ ከሥራ የቀረች ሠራተኛ እዚህ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ሐኪም አዞኝ ነው አለችው፤ ውሸት አልነበረም።

ላፍቶ በሚገኘው የበር ቁልፍ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ከማሽን የሚወጡትን ብረቶች ቅባታቸው እስኪለቅ በኬሚካል ማጠብ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሽታው መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ከዚያ ይለመዳል። አብረዋት የሚሠሩት አስቴርና ሀና ናቸው፤ የሦስቱም ጓንት ከተቀደደ ወራት አልፎታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ምግብ አስጠላት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለቴ ትቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ባሏ በንቲ ዓይኗን አይቶ ደነገጠ፤ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤቶች የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል ሊያመጡላት ሲነሱ፣ የታክሲ ሹፌሩ በንቲ የዕለቱን ሥራ ትቶ መካኒሳ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት።

ዶክተር እስጢፋኖስ የጉበት ቫይረስ እንደሌለባት በምርመራ አረጋገጠ። መጠጥ ትጠጪያለሽ ወይ ሲላት ሳቀች፤ ጴንጤ ናት፣ ቀምሳም አታውቅ። ስለ ሥራዋ ስትነግረው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠና የፈሳሹን ስም አምጪልኝ አላት።

ፎቶውን አይቶ ስልኩን መለሰላት።

"ጉበትሽን የጎዳው ይሄ ነው። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል። እዚያ ክፍል ካልተመለስሽ ጉበትሽ ቀስ እያለ ያገግማል። ከተመለስሽ ግን እኔ የምሰጥሽ መድኃኒት የለም።"

"አብረውኝ የሚሠሩትስ?"

"እነሱንም ያማቸዋል?"

"አስቴር ምግብ እምቢ ብሏታል። ያረገዘች መስሏት ደስ ብሏታል።"

ሐኪሙ የአንድ ወር ፈቃድ ጻፈላትና ሴቶቹን ይዛቸው እንድትመጣ ነገራት።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይተኛ ነበር። ገላኔ በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሀና ወዲያው እሺ አለች። አስቴር ግን ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ አንገራገረች። ገላኔ አልተከራከረቻትም፤ ፊቷን አስጠግታ ዓይኗን አሳየቻት። ሦስቱም በበንቲ ታክሲ ሄዱ።

የሀና ጉበት ደህና ነበር። አስቴር ዓይኗ ገና ነጭ ቢሆንም ጉበቷ ከገላኔም ብሶ ተገኘ። እርጉዝም አልነበረችም። የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ስታለቅስ ገላኔ አቅፋት ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ገላኔ የምርመራ ወረቀቶቹን በፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በአቶ ወጋየሁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ሽታ የሌለበት ፋብሪካ እንደሌለ ነገራት።

"ሽታውንማ ለምደነዋል አቶ ወጋየሁ" አለች። "ጉበታችን ግን አልለመደውም።"

ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ተነስቶ ማጠቢያ ክፍሉ ገባና ብዙም ሳይቆይ ግንባሩን ይዞ ወጣ። ክፍሉ የዚያኑ ዕለት ተዘጋ። ብረቶቹ ግቢው ውስጥ፣ አየር ላይ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እንዲታጠቡ አዘዘ። ሥራው ከበፊቱ ይከብዳል፣ ግን አይመርዝም።

ገላኔ ፈቃዷ ሲያልቅ ዓይኗ ጠርቶ ተመለሰች። አቶ ወጋየሁ ቢሮው ጠርቶ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጣት። ማሸጊያ ክፍል አንድ ቦታ ተገኝቷል፤ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ፣ ቀላል ሥራ ነው። ይገባሻል አላት።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። አስቴር ገና ድካሙ አልለቀቃትም፤ ዶክተሩም ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠንቅቋታል። ገላኔ ደብዳቤውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ስሙን ይቀይሩልኝ" አለች። "አስቴር ይበሉት።"

"አንቺስ የት ልትሠሪ?"

"ግቢ፣ ሙቅ ውሃው ጋ" አለችና ሽርጧን ልትለብስ ወጣች።